በመርከቧ ሆድ የቀረችው

አዋላጇ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ቤት መዋል አልሆንላት ብሎ ነበር። ዕድሜ ልኳን በሰው ምጥ ስትሮጥ የኖረች ሴት ድንገት «በቃሽ፣ ቁጭ በይ» ስትባል ምን ትሁን? የጠረገችውን ቤት መልሳ ትጠርጋለች። መስኮት ላይ ቆማ በመንገዱ የምታልፈውን እርጉዝ ሁሉ በዓይኗ ትመዝናለች። «ይቺ ሳምንትም አትቆይ። ያቺኛዋ መንታ ነው የተሸከመችው» ትላለች ለራሷ። አብራት የምትኖረው ታናሽ እህቷ፣ የታሪክ አስተማሪዋ፣ ይህን ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል። የዚያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እጇን ይዛ ወደ ሙዚየም የጎተተቻትም ለዚሁ ነበር።

«እትዬ፣ ተማሪዎቼን ይዤ ልሄድ ስለሆነ ቀደም ብዬ ልየው። አንቺም እግርሽን ታፍታቻለሽ።»

«የሰመጠ ነገር ማየት ለኔ ምን ይረባኛል? እኔ የማውቀው የሚወጣውን ነው።»

አስተማሪዋ እየሳቀች ነጠላ ጫማዋን አቀበለቻት፤ ወጡ።

ሙዚየሙ ወደቡ አጠገብ ያለ የጥንት የእህል መጋዘን ነው። ግንቡ ከመወፈሩ የተነሣ የውጪው ሙቀት በሩ ላይ ይቀራል፤ ገባ ሲሉ ብርዱ አንገት ሥር ይገባል። ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ባሕር ውስጥ የኖረች መርከብ ዕቃ በየመስታወቱ ተደርድሯል። እርስ በርሱ ተጣብቆ የቀረ የሳህን ቁልል፣ ጥርሱ የረገፈ ማበጠሪያ፣ አንድ ዓይኑ የጠፋ መነጽር። ከሁሉም ከሁሉም ጫማዎቹ ያስፈራሉ። የአዋቂውም የልጁም ባንድነት፣ አፍንጫቸውን ወደ ተመልካቹ አዙረው፣ አሁን ሊራመዱ የተዘጋጁ ይመስላሉ።

አስተማሪዋ የተጻፈውን ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታነባለች። አስጎብኚዋ ደግሞ፣ ቀጠን ያለች ልጅ፣ ሰዉን ሰብስባ ታስረዳለች። መርከቧ ሥራ ፍለጋ የሚሻገሩ ሰዎችን ጭና ስትሄድ ማዕበል ገፍቶ ቋጥኝ ላይ አወጣት። ቶሎ አልሰመጠችም፤ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ተሰንቅራ አደረች። ላይኛው ክፍል የነበሩት በጀልባ ወጡ። በሆዷ ውስጥ የነበሩት ግን ደረጃው ተሰብሮባቸው ታች ቀሩ።

«ጀልባዎቹ ላይ የነበሩት ድምፃቸውን እየሰሙ ነው ያደሩት» አለች አስጎብኚዋ፤ ይህን ብዙ ጊዜ የተናገረችው ቢሆንም እዚህ ላይ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ሊነጋጋ ሲል ዝም አሉ።»

አዋላጇ ይህን ከሰማች በኋላ መቀመጥ ፈለገች። ከአዳራሹ ጫፍ፣ ወፍራም የላስቲክ መጋረጃ የተንጠለጠለበት በር አጠገብ፣ ባዶ አግዳሚ ወንበር አየችና ሄዳ ተቀመጠች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ እግሯን ስታሻሽ ነው ድምፁ የመጣው።

ከመጋረጃው ጀርባ ነው። መጀመሪያ ዝግ ያለ፣ ቀጥሎ እያደገ፣ እየፈጠነ፣ እላይ ደርሶ የሚሰበር፣ ከዚያም ቀስ እያለ የሚወርድ። ከዚያ ጸጥታ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እንደገና ከታች ይጀምራል። አዋላጇ እግሯን ማሸቷን ተወች። ይህን ዓይነት ትንፋሽ በየቤቱ፣ በየሆስፒታሉ፣ አንዴም በታክሲ ውስጥ ሰምታዋለች። ከእንቅልፏ የሚያስነሣት ትንፋሽ ነው። ጫማዋን ሳታጠልቅ ተነሣች።

«እናቴ፣ ምን ልርዳዎት?» አለ ጥበቃው። ወንበሩን ከበሩ ራቅ አድርጎ፣ ግድግዳውን ተደግፎ የተቀመጠ ጎልማሳ ነው።

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ ማን ነው ያለው?»

«ማንም የለም። የመርከቧ ቁራጭ ነው፤ ታችኛው ክፍል ከነአልጋው። እንጨቱ ከደረቀ ስለሚፈራርስ ቀኑን ሙሉ ውሃ ይረጭበታል።» ጥቂት አመነታ። «ድምፁን ሰምተው ነው? ፓምፑ ነው ይሉናል።»

«ይሉናል?»

ጥበቃው ግራ ቀኙን አየ። «ፓምፑን ቀየሩት። በኋላ ጭራሽ አጥፍተውት ሞከሩ። እሱ ግን አላቆመም። እኛ እርስ በርሳችን መጋዙ ነው የምንለው፤ እንጨት የሚቆርጥ መጋዝ ስለሚመስል። አንዱ ባልደረባችን በዚህ የተነሣ ሥራውን ለቋል። እኔ የልጆች አባት ስለሆንኩ ወንበሬን አራቅሁና ዝም አልኩ።»

«መጋዝ አይደለም» አለች አዋላጇ። «ምጥ ነው።»

ሰውየው ከወንበሩ ተነሣ።

አስተማሪዋ እህቷን ስትፈልግ ደረሰች። «ምነው እትዬ፣ ባዶ እግርሽን?»

«እዚህ ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አለች።»

«ኧረ ባክሽ! ውሃ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲረጭ እኮ እንዲህ ያስተጋባል። ደግሞም ምጥ ቢሆን ኖሮ…»

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች አሉ!» ብላ አዋላጇ መጋረጃውን ገልጣ ገባች።

ክፍሉ ደብዛዛ ነው። ከጣሪያው ጉም የመሰለ ውሃ ይረግፋል። ከመከልከያው ገመድ ወዲያ ጥቁር የእንጨት ግድግዳ ቆሟል፤ ተደራራቢ አልጋዎቹ እንደ ጎድን አጥንት ከግድግዳው ወጥተዋል። ጨውና ሬንጅ ይሸታል። ከሱ ሥር ግን ሌላ ሽታ አለ፤ አዋላጇ ሳታየው የምታውቀው፣ የላብና የደም፣ የጭንቀት ሽታ። ገመዱን ጎንበስ ብላ አለፈችውና ከታችኛው አልጋ አጠገብ ተንበረከከች።

«እናቴ፣ አይንኩት! ይፈርሳል!» አለ ጥበቃው ከበሩ። ግን አልገባም።

መዳፏን ሳንቃው ላይ አሳረፈች። እንደ ራሰ ቆዳ ለስላሳ ነበር። ትንፋሹ ከታች ሲጀምር ግን ሳንቃው በእጇ ሥር እየጠጠረ መጣ፤ ልክ የእርጉዝ ሆድ ምጥ ሲመጣበት እንደሚጠጥረው። ትንፋሹ እላይ ደርሶ ሲሰበር እንጨቱም ላላ። አዋላጇን ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ውርር አደረጋት። ፈሪ ሴት አልነበረችም፤ የዚያን ቀን ግን ጉልበቷ ተነሺና ሩጪ፣ ተነሺና ሩጪ እያለ ለመናት። ችግሩ፣ ያ ጉልበት የምታምጥ ሴት ጥሎ መሄድ አልለመደም።

«አይዞሽ እናቴ» አለች። «መጥቻለሁ።»

ትንፋሹ በመሀል ቀጥ አለ። ሰው ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ ኖሮ የእግር ኮቴ የሰማ ሰው እንዲህ ነው ዝም የሚለው። ከዚያ አንድ እጅ አንጓዋን ያዛት። አልታያትም። ቀዝቃዛ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ጥፍሩ ረጅም ነው፤ አያያዙ ግን የማንኛዋም ወላድ አያያዝ ነው።

«ያዢኝ። አጥብቀሽ ያዢኝ። ገና ነው፣ አሁን አትግፊ። አፍሽን ከፍተሽ ተንፍሺ። እንደሱ ነው የኔ ጀግና።»

አስተማሪዋ መጋረጃውን ይዛ ከበሩ ላይ ቆማ ነበር። እሷ የምታየው እህቷን ብቻ ነው፤ ባዶ አልጋ ፊት ተንበርክካ፣ ልብሷ ሁሉ በስብሶ፣ ከእንጨት ጋር ስታወራ። «እትዬ፣ በፈጠረሽ ነይ ውጪ» አለች። አዋላጇ አልሰማቻትም። የሚረጨው ውሃ በረዶ ነው፤ ጉልበቷ ሥር ግን የሞቀ ውሃ ሲፈስ ተሰማት። የሽርት ውሃ ነው።

«አሁን ግፊ! ግፊ እናቴ፣ ደርሷል፣ ደርሷል!»

ሳንቃው ሁሉ ተንቋቋ። ከላይ ያሉት አልጋዎች፣ ግድግዳው ራሱ፣ አብረዋት የሚያምጡ ይመስል አቃሰቱ። አንድ ሙልጭልጭ ያለ፣ የሚከብድ፣ የሞቀ ነገር አዋላጇ መዳፍ ላይ ወረደ። ወዲያው የሕፃን ለቅሶ ክፍሉን ሞላው።

ለቅሶውን ጥበቃው ሰማው። «ወይኔ!» ብሎ ግንባሩን ያዘ። አስተማሪዋ በኋላ ስትጠየቅ የበር ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ሲል ነው የሰማሁት ብላ ድርቅ አለች። ብቻ የእንጨቱን መንቋቋት የሰማችው አስጎብኚ እየሮጠች ደረሰች፤ ጎብኚውም ተከትሏት ጎረፈ። «እንጨቱን! እንጨቱን!» እያለች ልጅቷ ጮኸች። እህቷና ጥበቃው ገብተው አዋላጇን ብብትና ብብቷን ይዘው ጎተቷት።

«ልቀቁኝ! እትብቱን አልቆረጥኩም! እትብቱን ሳልቆርጥ!» እያለች ነው ያወጧት።

ቤት ሲደርሱ አስተማሪዋ እርጥቡን ልብስ አወለቀችላትና ከብርድ ልብስ ጋር አልጋዋ ላይ አስቀመጠቻት። ሻይ ልታቀብላት ስትል እጇን አየችው። አንጓዋ ላይ የአራት ጣትና የአንድ አውራ ጣት ምልክት ጠቁሮ ተቀምጧል። እጁ ትንሽ ነው፣ የሴት እጅ።

«እኔና ጥበቃው ስንጎትትሽ ይሆናል» አለች አስተማሪዋ።

«እናንተ የያዛችሁኝ ብብቴን ነው።»

አስተማሪዋ ቅባት አምጥታ አሸችላት፤ ሐኪም ጋ ይዣት ልሂድ ወይስ ልቆይ እያለች ስታወጣ ስታወርድ ሰነበተች። አዋላጇ በበኩሏ ምግብ አልበላ አላት። ከምታዋልድበት ቤት ሕፃኑን ሳታጥብ፣ እናቱን ሳታስተኛ ወጥታ አታውቅም።

አንድ ማለዳ ስልክ ተደወለ። ጥበቃው ነው፤ ቁጥሩን ያገኘው አስተማሪዋ ለአስጎብኚዋ ከተወችው ነው። «እናቴን አገናኚኝ» አለ። አዋላጇ ተቀበለች።

«መጋዙ ከዚያን ቀን ወዲህ ቆሟል» አላት። «አንዲት ትንፋሽ የለም። ግን… አሁን ሕፃን ነው። ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። አስጎብኚዋ ድመት ገብታ ነው ብላ አስፈተሸች፤ ድመት የለም። እናቴ፣ እኔ ወልጄ አሳድጌያለሁ፤ የራበው ልጅ ለቅሶ አይጠፋኝም። ደግሞ ከትናንት ጀምሮ ድምፁ እየደከመ ነው።»

«እናትየዋስ?»

«የለችም። እሷ ሄዳለች።»

አዋላጇ ስልኩን ሳትዘጋ ተነሣች። መቀስ ቀቀለች፣ ክር ቆረጠች፣ የታጠበ አንሶላ ቀዳ አጣጠፈች። አስተማሪዋ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀቻት።

«ልትከለክይኝ ነው?»

«ብቻሽን አትሄጂም ልልሽ ነው» አለች አስተማሪዋ፤ ድምፅዋ ግን እንደ ተቆጣ ሰው ነበር።

ሙዚየሙ ለጎብኚ ዝግ የሆነበት ቀን ነው። ጥበቃው በጓሮ በር አስገባቸው። ልማድ ሆኖበት የአዋላጇን ቦርሳ ከፍቶ ፈተሸና፣ «መቀስ እንኳ አይገባም» አለ።

«ታዲያ በጥርሴ ልቁረጠው?»

ሰውየው ሊስቅ ብሎ አፉን ከፈተ፤ ሳቁ ግን አልመጣለትም። ቦርሳውን መለሰላት።

ፓምፑን አጥፍቶት ስለነበር ክፍሉ ውስጥ የሚሰማው ከአልጋዎቹ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ነው። አዋላጇ ተንበርክካ ጠበቀች። ከታችኛው አልጋ ጥግ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ለቅሶ ከመሆን ያለፈ፣ የደከመ እንጉርጉሮ። እጇን ሰዳ ዳሰሰች፤ አገኘችውም። እንደ ባሕር ጠጠር ቀዝቅዟል፤ ደረቱ ግን ይንቀሳቀሳል። እትብቱን እዚህና እዚያ አሰረችና መቀሱን አነሣች።

አስተማሪዋ እስከዚያች ሰዓት ድረስ ሁሉንም ነገር የእህቷ ሐዘን ነው፣ የሥራ ማጣት ነው ስትል ነበር። መቀሱ ሲዘጋ ግን ሰማች። አየር የሚቆርጥ መቀስ ድምፁ ቀላል ነው። ይኼኛው ወፍራም፣ የሚለጠጥ ነገር ላይ ተንገራግጮ ነው ያለፈው። መጋረጃውን ለቅቃ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባች።

አዋላጇ አንሶላውን ዘረጋች፣ አጠፈች፣ ጠቀለለች። ስትነሣ አንሶላው ክንዷ ላይ ጠፍጣፋ አልነበረም።

«የሞቱትን የት ነው የቀበሯቸው?» ብላ ጥበቃውን ጠየቀችው።

«ባሕሩ የተፋቸውን? ከአውቶቡሱ መጨረሻ ወዲያ፣ ኮረብታው ላይ። አንድ ረጅም ድንጋይ አለ፤ ሁሉም ከሥሩ ናቸው። አስጎብኚዋ ስትናገር እንደሰማሁት ከነሱ አንዷ ነፍሰ ጡር ነበረች።»

«እናትየዋ እዚያ ናት» አለች አዋላጇ። «እዚህ ቀርቶ የነበረው ምጧ ነው።»

አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። አዋላጇ ብረቱን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው አንሶላውን ደረቷ ላይ አቅፋ ቆመች። የሥራ ቱታ የለበሰ ጎረምሳ አያትና ብድግ አለ። «እናቴ፣ ልጅ ይዘው አይቁሙ፤ ይቀመጡ።»

አስተማሪዋ ጎረምሳውን አየችው። እየቀለደ አልነበረም።

አዋላጇ አመስግና ተቀመጠች። አጠገቧ የነበረች ወጣት ሴት፣ ሴቶች እንደሚያደርጉት፣ ፈገግ ብላ ወደ አንሶላው ጎንበስ አለች። «ስንት…» ብላ ጀመረች። አልጨረሰችውም። ፈገግታዋ ፊቷ ላይ ደርቆ ቀረ። ቀና ብላ አዋላጇን አየች፣ ደግሞ አንሶላውን። ከዚያ ዘንቢሏን አንሥታ፣ ገና የምትወርድበት ሳይደርስ፣ ሰዉን እየገፋች ወደ በሩ ሄደች። ከአንሶላው ጫፍ ውሃ ይንጠባጠብ ነበር። አስተማሪዋ ጠብታውን ጫማዋ ላይ እያየች ቆመች።

መጨረሻው ላይ የወረዱት እነሱ ብቻ ናቸው። ኮረብታው ራቁቱን ነው፤ ሣርና ነፋስ፣ ከታች ግራጫ ባሕር። ድንጋዩ ላይ የማንም ስም የለበትም። አዋላጇ ዙሪያውን እየተራመደች አንድ ቦታ ላይ ቆም አለች። ተንበረከከችና አንሶላውን ከሣሩ ላይ አስቀመጠች።

«ልጅሽን አምጥቼልሻለሁ» አለች። «ስላዘገየሁብሽ አትቀየሚኝ። በሕይወት የለሁም ብለሽ አትፍሪ፤ ልጅ እናቱን በጠረኗ ነው የሚያውቃት።»

ነፋሱ ቆመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ነፋስ ሳይነካው፣ በዙሪያቸው ያለው ሣር ሁሉ ወደ አንሶላው ተኛ። ረጅም ትንፋሽ ተሰማ፤ የምጥ አይደለም። ምጡ ካለፈላት፣ ልጇ ደረቷ ላይ ከተቀመጠላት ሴት የሚወጣው ትንፋሽ ነው። አንሶላው ከመሀሉ ጀምሮ ቀስ እያለ፣ ተኝቶ የነበረን ልጅ ሰው እያነሣው እንዳለ፣ ጎደለ፤ ጎደለና መሬት ነካ። ሣሩ ተመልሶ ቀና አለ።

አዋላጇ አንሶላውን አንሥታ አጣጠፈችው። እህቷ ደግፋ አነሣቻት።

ጥበቃው በኋላ እንደነገራቸው ክፍሉ ከዚያን ዕለት ጀምሮ ዝም ብሏል። እሱም ወንበሩን ወደ ቦታው መልሷል፤ ግን ወደ እንጨቱ ጀርባውን አይሰጥም። መርከቧ ውስጥ የነበሩት ሌሎችም ብዙ ነበሩ ብሎ ያስባል።

የዚያን ዕለት እህትማማቾቹ የመመለሻውን አውቶቡስ ለመጠበቅ መንገዱ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አስተማሪዋ ስካርቧን አውልቃ ለእህቷ ትከሻ ላይ ጣለችላት። ባሕሩን አየች። መንገዱን አየች። ፊቷን ሳታዞር ጠየቀቻት።

«ወንድ ነው ሴት?»

«ሴት ናት» አለች አዋላጇ። «ፀጉሯ ብዙ ነው።»

አስተማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። አውቶቡሱ ከታጠፈበት ብቅ ሲል ተያይዘው ተነሡ።